የታሰረው እጅ

አማርኛ ስለ መዋብ ሲናገር ለእያንዳንዱ ድርጊት የየራሱን ግሥ ይሰጠዋል። ሴት ዐይኗን ትኳላለች፤ ጠጉሯን ትሠራለች፤ ቅቤ ትቀባለች፤ እንሶስላ ግን ትሞቃለች። የቀደሙት ግሦች በሰውነት ላይ የሚፈጸመውን ነገር ያመለክታሉ። የመጨረሻው ስለ ቀለሙም ሆነ ስለሚቀላው እጅና እግር አንዳች አይናገርም፤ የሚናገረው ስለ ምድጃው ነው። እሳት እንደሚሞቅ፣ ፀሐይ እንደሚሞቅ፣ እንሶስላም ይሞቃል። ከምድጃ ዳር ደግሞ ብቻውን የሚቀመጥ ሰው ጥቂት ነው።

ይህን የቋንቋ ጠባይ ለጨዋታ ያህል ብቻ አንሥቶ ማለፍ አይገባም። በየዘመኑ የነበሩ አሳቢዎችና የሃይማኖት መምህራን ስለ መዋብ ሲጠይቁት የኖሩት አንድ ጥያቄ አለ። ሰው በቅጠልና በሥር፣ በቅባትና በጢስ ቆዳውን፣ ጠጉሩንና ጥፍሩን ሲያሳምር እውነት ያደርጋል ወይስ ሐሰት? ገላውን ይንከባከባል ወይስ ተመልካቹን ያታልላል? ጥያቄው ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው በመስተዋት ፊት ብቻዋን የቆመች ሴት ታስባ ነው። «እንሶስላ ሞቀች» የሚለው አነጋገር ግን መስተዋቱን ወደ ጎን ትቶ ወደ ምድጃው ይወስዳል፤ ከምድጃው ዳር የሚታየውም ነገር ሌላ ነው።

«መልክ ታጥቦ አይጠጣም» ይላል ተረቱ። ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ሚስት ለሚመርጥ ጎረምሳ ሲሆን ትርጓሜውም ግልጽ ነው፤ ቁንጅና ሆድ አይሞላም፣ ሙያ ይበልጣል ማለት ነው። ተረቱ መልክን ከጥቅም ለይቶ መልክን ከበታች ያስቀምጣል። ይሁን እንጂ ይህንኑ ተረት ለወንድ ልጃቸው የሚመክሩት አባት፣ ሴት ልጃቸው በምትዳርበት ዕለት እጇ ሳይቀላ ከቤት እንድትወጣ አይፈቅዱም። ነገሩን ከግብዝነት መቁጠር ቀላል ነበር። ነገር ግን እንሶስላው በእኒያ አባት ዘንድ ከመልክ ወገን የተመደበ አይመስልም።

እንሶስላ በደጋውና በወይና ደጋው አገር፣ ከወንዝ ዳርና ከጥላማ ሥፍራ የሚበቅል፣ በየጓሮውም የሚተከል ለምለም ተክል ነው። አበባው ነጭ ሲሆን ከጉሮሮው ላይ ወይን ጠጅ መሳይ ምልክት አለው። ሰው የሚፈልገው ቀለም ግን ከአበባው ሳይሆን ከመሬት በታች ከተደበቀው ወፍራም ሥሩ ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት ተክሉን ኢምፓቲየንስ ቲንክቶሪያ ብለው ይጠሩታል። ሁለተኛው ቃል በላቲን ለማቅለሚያ የሚሆን ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ደግሞ ትዕግሥት የለሽ እንደ ማለት ነው። ይህ የወገን ስም የተሰጠው፣ የበሰለው ፍሬ ጥቂት ሲነኩት ፈንድቶ ዘሩን ስለሚበትን ነው። ትዕግሥት የለሽ የተባለው ተክል ከሚገለገልበት ሰው ዘንድ የሚጠይቀው ግን ትዕግሥትን ነው።

ሥሩ ተቆፍሮ ይወጣል፤ ይታጠባል፤ ይላጣል፤ በሙቀጫ ይወቀጣል። የተወቀጠው ሥር በመዳፍ፣ በጣቶችና በጥፍሮች ላይ፣ እንዲሁም በውስጥ እግርና በተረከዝ ላይ ይለጠፋል። ከዚያም እጁና እግሩ በሰፋፊ ቅጠል ተሸፍኖ በጨርቅ ይታሰርና ከእሳት ዳር ይታደራል። ሲነጋ እስሩ ይፈታል፤ የደረቀው ይራገፋል፤ ከሥሩም ቀይ፣ ደጋግማ ለሞቀች ደግሞ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቀለም ይገኛል። በሰሜኑ ገጠር በሠርግ ዋዜማ፣ በጉራጌ አገር ደግሞ መስቀል ሲቃረብ ሥርዐቱ የታወቀ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ዋናው ነገር እስሩ ነው። ሰው አንድ እጁን በሌላው እጁ ሊቀባ ይችላል፤ ሁለቱን እጆቹን ግን ራሱ ሊያስራቸው አይችልም። ስለዚህ እንሶስላ የምትሞቅ ሴት የግድ ሌላ ሰው ያስፈልጋታል። ከታሰረችበት ሰዓት አንሥቶ እስኪነጋ ድረስ ውሃ የሚያጠጣት፣ የሚያጎርሳት፣ ከትከሻዋ የወረደውን ጋቢ መልሶ የሚያለብሳት የሌላ ሰው እጅ ነው።

«እትዬ፣ አፍንጫዬን በላኝ» ትላለች ሙሽራዪቱ።

«ቻይው የኔ ዓለም፤ ዛሬ እጅ የለሽም» ይሉና አክስቲቱ በነጠላቸው ጫፍ ያሹላታል።

በዙሪያው ያሉት ይስቃሉ። ሳቁ የሚመጣው ትናንት እንስራ ያዘለችው ልጅ ዛሬ እንደ ሕፃን ስትጎርስ በማየታቸው ነው።

አፍላጦን «ጎርጊያስ» በተባለው የምልልስ ድርሰቱ ሶቅራጥስን ስለ መዋብ በብርቱ ያናግረዋል። በሶቅራጥስ አከፋፈል ለሰውነት የሚሆኑ እውነተኛ ጥበቦች ሁለት ናቸው፤ የሰውነት ማጠንከሪያና ሕክምና። እነዚህን መስለው የሚቀርቡ፣ ነገር ግን ከሽንገላ የማያልፉ ሁለት አስመሳዮች ደግሞ አሉ። ወጥ ቤትነት ሕክምናን ይመስላል፤ መኳኳል ደግሞ የሰውነት ማጠንከሪያን ይመስላል። የተኳኳለ ሰው በራሱ ልፋት ሊያገኘው የሚገባውን ውበት ትቶ የተውሶ ውበት ይለብሳል የሚል ነው ክሱ። ብዙ መቶ ዓመታት ቆይቶ፣ በሮማ ዘመን የኖረው ሐኪም ጋሌን ይህን ክስ አለዘበው። እርሱ መዋብን ለሁለት ይከፍለዋል። አንደኛው ሰውነት በተፈጥሮ ያለውን መልክ የሚጠብቀው ሲሆን የሕክምና ክፍል ነው። ሁለተኛው ግን የሌለውን የሚጨምር ነውና ሐኪም ሊሠራው አይገባም።

የጋሌን አከፋፈል ስሙን ሰምተው በማያውቁ ሰዎች አእምሮ ውስጥ ሳይቀር እስከ ዛሬ ይሠራል። ጠጉር እንዳይነቃቀል መቀባት ተገቢ ነው፤ ጠጉርን ማቅለም ግን ከንቱነት ነው ይባላል። የተሰነጠቀ ተረከዝን ማከም ብልህነት ነው፤ ተረከዝን ማቅላት ግን ቅብጠት ነው ይባላል። ይህ ሚዛን ለብዙ ነገር ይበቃ ይሆናል፤ እንሶስላ ላይ ሲደርስ ግን ይሰበራል። ሥሩ ከተሰነጠቀው ተረከዝና በእግር ጣቶች መካከል ከሚወጣው ቁስል ላይ የሚደረግ መድኃኒት ነው። ያው ሥር፣ በዚያው ሌሊት፣ በዚያው እስር፣ እግርን የሚያስጌጥ ቀለም ነው። ባለመድኃኒቱ እጅ የትኛው ላይ ሲደርስ ያቆማል? ጌጠኛውስ ከየት ይጀምራል?

አደስ የገባበት ቅቤም እንደዚሁ ነው። የአደስ ቅጠል ደርቆና ተወቅጦ ከለጋ ቅቤ ጋር ሲዋሐድ፣ ቅቤው ጠጉርን ከደጋው ፀሐይና ከደረቁ ነፋስ ይጠብቃል፤ አደሱ ደግሞ መልካም መዓዛ ይሰጠዋል። ለጥቅም ነው ወይስ ለሽታ ብሎ የሚጠይቅ ቢመጣ፣ ቅቤው በፀሐይ ቀልጦ በአንገቷ የሚወርደው ሴትዮ ጥያቄው አይገባትም። ወይባም በጉድጓድ ውስጥ ሲጤስ፣ በላዩ በጋቢ ተከልላ የተቀመጠችውን አራስ ያልባታል፤ ድካሟን ያወጣላታል፤ ቆዳዋን ያለሰልሰዋል፤ ልብሷን ሁሉ በሽታው ያውደዋል። ከእነዚህ አንዱን መድኃኒት፣ ሌላውን ጌጥ ብሎ መለየት የሚቻለው ከቤቱ ውጭ ለቆመ ሰው ብቻ ነው።

የተውሶ ውበት የሚለውም ክስ በዚህ ላይ በደንብ አይጸናም። በሐረር፣ በአፋርና በሶማሌ የሚዘወተረውን ሂና ኬሚስቶች መርምረው፣ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ላውሶን የተባለ ቅመም ከቆዳ፣ ከጠጉርና ከጥፍር ጋር እንደሚጣበቅ ዐውቀዋል። ሦስቱም የተሠሩት ኬራቲን ከተባለ ከአንድ ዐይነት ነገር ነውና ቀለሙ የሚይዛቸው ያንኑ ይዞ ነው። በእንሶስላው ወገን በሆኑ ተክሎችም ውስጥ ከላውሶን ጋር አንድ ቤተሰብ የሆኑ ቅመሞች ይገኛሉ። እንግዲህ እንዲህ ያለው ቀለም ከፊት ላይ እንደሚደረግ ጭምብል በላይ የሚደረብ አይደለም። ወደ ቆዳው ይገባል፤ ቆዳው ሲታደስም ከአሮጌው ቆዳ ጋር ይሄዳል። በውሃ ታጥቦ አይለቅምና የለበሰችው ሴት እንደ ልብስ አውልቃ የምታስቀምጠው ነገር አይደለም።

ታዲያ መዋብን የሚያስመሰግነው ወይም የሚያስነቅፈው ነገር ከተክሉ ባሕርይም ከቀለሙም ካልሆነ ከምን ሊሆን ይችላል? እዚህ ላይ ወደ ታሰረው እጅ መመለስ ያስፈልጋል። ያ እጅ ምን ዐይነት እጅ እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል። ውሃ ሲቀዳ፣ እንጨት ሲለቅም፣ በድንጋይ ወፍጮ እህል ሲፈጭ፣ እበት ሲዝቅ፣ ሊጥ ሲያቦካ የኖረ እጅ ነው። በገጠሪቱ ሴት ሕይወት እጅ በሕጋዊ መንገድ ሥራ የሚፈታበት ሌሊት እጅግ ጥቂት ነው፤ ከእነዚህም አንዱ ይህ ነው። «እጄ ታስሯል» ማለት የማይነቀፍ ምክንያት ነው። በሌላ ቀን ሥራ ብትፈታ ሰነፍ የሚላት ጎረቤት ሁሉ፣ በዚህ ሌሊት ራሱ ያጎርሳታል። ስለዚህ ነጋ ተብሎ የሚታየው ቅላት የቀለም ብቻ አይደለም። እጁ አንድ ሌሊት እንዳረፈ፣ ለማረፉም ሌላ ሰው እንደ ደከመለት የሚመሰክር ምልክት ነው። ቀለሙን ያየ ሰው ሁሉ «እገሊት ሰው አላት» ብሎ ያነብበዋል።

ይህን ብሎ ማለፍ ግን ነገሩን ከሚገባው በላይ ማቆንጀት ይሆናል። አንዲቱ ስታርፍ የእርሷን ፈንታ የሚፈጨው ማን ነው? ብዙውን ጊዜ ታናሽ እኅት ናት፤ የእርሷም ተራ አንድ ቀን ይደርሳል። በባላባቱና በባለርስቱ ቤት ግን ነገሩ ሌላ ነበር። በዚያ እንሶስላውን የምትወቅጠው፣ የምታስረውና ሌሊቱን እሳት የምትጭረው ገረድ ናት። ስትወቅጥ ያደረችው ሥር የእርሷንም ጣቶች መንካቱ አይቀርም፤ ነገር ግን በቅጡ ሳይዛቸው በንጋታው ዕቃ አጠባ ታጥበው ይሄዳሉ። ባለተራ የማትሆን እጅ ስትኖር፣ ማረፍ ስጦታ መሆኑ ይቀርና ግብር ይሆናል።

ከዚህ ጋር ተያይዞ በጊዜው ያለ ሁለት ዐይነት ስሕተት መነሣት ይገባዋል። አንደኛው ከቅጠል የመጣ ሁሉ ደግ ነው የሚለው ነው። የዛሬ ገበያ ይህን እምነት በሚገባ ተምሮታል፤ በየብልቃጡ ላይ ቅጠል ሥሎ ተፈጥሯዊ የሚል ቃል ይጽፍበታል። ተፈጥሮ ግን ለሰው ልጅ ውለታ ያለባት አይደለችም። ጤና አዳም ከስሙ ጀምሮ ጤናን የሚሰብክ፣ ከቡና ጋር የሚቀርብ፣ ከየጓሮው የማይጠፋ ቅጠል ነው። ጭማቂው ከቆዳ ላይ ውሎ ብርቱ ፀሐይ ሲያገኘው ግን ቆዳውን እንደ እሳት ይለበልበዋል፤ ውሃ ያስቋጥረዋል፤ ለረዥም ጊዜ የማይለቅ ጥቁር ምልክትም ይተውበታል። የሎሚ ውሃ ተቀብተው ፀሐይ ላይ የሚወጡ ሰዎችም ይህን አደጋ ያገኙታል። ሂናም ቢሆን ቶሎ እንዲጠቁር ተብሎ የጠጉር ማቅለሚያ ኬሚካል ሲጨመርበት፣ አንዳንዱን ሰው ጠባሳ እስኪተው ድረስ ያቆስለዋል።

ሁለተኛው ስሕተት የዚህ ተቃራኒ ሲሆን በተማረው ክፍል ዘንድ ይበዛል። ሴቶች በጓሮና በወንዝ ዳር የሚያውቁትን ሁሉ ከድንቁርና ይቆጥረዋል። ለዚህ ከእንዶድ የተሻለ መልስ የለም። በየወንዙ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች የእንዶድን ፍሬ ወቅጠው እንደ ሳሙና ሲያረፉት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ አካባቢ፣ ልብስ ከሚታጠብበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉ ነበሩ። ከዚህ የተነሣው ምርምር አክሊሉ ለማንና ባልደረባቸውን ለገሠ ወልደ ዮሐንስን እ.ኤ.አ. በ1989 ለራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አበቃቸው። አዋቂው ያየው የሴቶቹ እጅ ሲሠራው የኖረውን ነው፤ ለማየትም ከወንዙ ዳር መውረድ ነበረበት። እርግጥ ነው፣ ያው አረፋ ዓሣም ይገድላል፤ ለሚውጠው ሰውም መርዝ ነው። የእጅ ዕውቀት የተከበረ ሲሆን እንኳ ከምርመራ ነጻ አይደለም።

ሁለቱ ስሕተቶች የሚገናኙበት አንድ ዕቃ በዛሬዋ ከተማ ይገኛል፤ ቆዳ ማንጫ ቅባት ነው። ከእነዚህ ቅባቶች በአንዳንዱ ሜርኩሪ ተገኝቶበታል፤ ቆዳን የሚያቀላው የቆዳን ቀለም የሚሠራውን ክፍል ከሥራው እያገደ ሲሆን ኩላሊትንም ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት በመጀመሪያ በኪሎ ግራም ከ1 ሚሊ ግራም በላይ ሜርኩሪ ያለበት ማንጫ ቅባት ከገበያ እንዲወጣ አስቀምጦ ነበር። ነገር ግን ቅባቱ አንድም መርዝ ባይኖርበት እንኳ የሚቀር ጉዳይ አለ። እንሶስላ እጅን የሚያሳምረው ወደ ጥቁር እየወሰደ ነው። የእንሶስላ ምስጋናው «ጠቆረ፣ ያዘላት» የሚል ነው። ቅባቱ ግን የሚጀምረው ከፍርድ ነው፤ ይህ ቆዳ ስሕተት ነው ብሎ ይነሣል። ይህን ፍርድ የተቀበለችው ልጅ በሯን ዘግታ፣ ለብቻዋ፣ በሌሊት ትቀባዋለች። የሚያስርላትም የሚያጎርሳትም የለም። ተቀብታ ስታበቃም እጇን ታጥባ ብልቃጡን ከልብስ ሥር ትደብቀዋለች። በሶቅራጥስ ክስ ሊከሰስ የሚገባው መዋብ ቢኖር ይህ ነው ቢባል፣ ቢያንስ ክሱ በልጅቱ ላይ ሳይሆን ፍርዱን ባወጡት ላይ መሆን አለበት።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የቀና ይመስላል። ከፍቅር የመጣ መዋብ ደግ ነው፤ ከፍርድ የመጣ መዋብ ክፉ ነው፤ የመጀመሪያው በሌላ እጅ ይሠራል፤ ሁለተኛው በብቸኝነት ይሠራል ብሎ መደምደም ይቻል ነበር። ነገር ግን ምድጃው ዳር የተቀመጠችው ሙሽራ ዕድሜዋ እስካሁን አልተጠየቀም።

በጎጃምና በጎንደር ገጠሮች ዐሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚዳሩ ሴቶች ልጆች ብዙ እንደ ነበሩ የታወቀ ነው፤ ልማዱም ፈጽሞ አልጠፋም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ ዐሥራ አምስት እንዲሆን ደንግጎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ለሴትም ለወንድም ዐሥራ ስምንት አደረገው። ሕግና ምድጃ ግን ሁልጊዜ አይገናኙም። እንግዲህ ያቺ «እትዬ፣ አፍንጫዬን በላኝ» ያለችው ልጅ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ብትሆንስ? እንሶስላው ያው እንሶስላ ነው። ጉርሻውም፣ ሳቁም፣ የአክስቲቱ እጅም አልተለወጠም። ያሰሯት በእውነት ስለሚወዷት ነው። የራሳቸውም እጅ በዚያው ዕድሜ በእናታቸው እጅ ታስሮ ነበር።

እዚህ ላይ «የታሰረ» የሚለው ቃል ሁለተኛ ትርጉሙን ያወጣል። በጨርቅ የተጠቀለለ እጅ ወፍጮ እንደማይዝ ሁሉ መዝጊያም አይከፍትም። እግሩም ታስሯልና በዚያ ሌሊት አይሮጥም። የልጅቱ እጅ ያረፈበትና የልጅቱ እጅ የተያዘበት ሌሊት አንድ ሌሊት ነው፤ እስሩም አንድ ጨርቅ ነው።

ነገሩ የአንድ አገር ብቻ አይደለም። መጽሐፈ አስቴር በፋርስ ንጉሥ ፊት ስለሚቀርቡ ደናግል ሲተርክ፣ እያንዳንዲቱ ዐሥራ ሁለት ወር ስትዘጋጅ እንደ ነበር ይናገራል፤ ስድስቱ ወር በከርቤ ዘይት፣ ስድስቱ ወር በሽቱና በልዩ ልዩ ቅመም። አንባቢ ብዙውን ጊዜ ወደ አስቴር ጥበብና ወደ ሕዝቧ መዳን ይቸኩላልና በዚህ ዐረፍተ ነገር ላይ አይዘገይም። በዚያ ዓመት ከቆዳቸው ላይ የዋለው ከርቤ በሐኪሙ በጋሌን ሚዛን ቢመዘን ምንም ነቀፋ አይገኝበትም፤ ቆዳን የሚጠብቅ መልካም ቅባት ነው። ጥያቄው ቆዳውን የሚጠብቀው ለማን ነው የሚለው ነው። ከእነዚያ ደናግል አንዲቱ ፈቃዷን የተጠየቀች ስለ መሆኗ ታሪኩ አያነሣም።

በመድረክ ላይ የሠራ ሰው ልብስና ቅብ ምን ያህል ኃይል እንዳላቸው ያውቃል። ተዋናይ የንጉሥ ካባ ሲደረብለት ጀርባው ሳያስበው ይቀናል፤ ልብሱ ከቃሉ ቀድሞ ወደ ሰውየው ይገባል። የሙሽራ እንሶስላም እንደዚህ ያለ ሥራ ይሠራል። ልጅቱ ስለ ነገ የሚነገራትን ሁሉ ባታምን እንኳ፣ ሲነጋ እጇን ስታይ ሙሽራ ሆና ታገኘዋለች። ጎረቤትም እጇን አይቶ ነገሩ አብቅቷል ይላል። በዚህ በኩል ቀለሙ ከሐሰት ይልቅ አስፈሪ የሆነ እውነት ይናገራል፤ አስቀድሞ የተቆረጠውን ነገር ያሳያል። ከተዋናዩ የሚለያትም ይኸው ነው። ተዋናዩ ከመጋረጃው በስተጀርባ ካባውን ያወልቃል።

አንዳንድ ሰዎች ከዚህ ተነሥተው ሥርዐቱ ከነሥሩ ይነቀል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ተክሉ ምን አጠፋ፣ ክፋቱ የጋብቻው እንጂ የእንሶስላው አይደለም ይላሉ። የመጀመሪያዎቹ ከድካም ሁሉ መካከል የተገኘችውን አንዲት የዕረፍት ሌሊት ከሴቲቱ ይቀሟታል። የሁለተኞቹ ክርክር የተሻለ ቢሆንም እጅግ ፈጥኖ ያመልጣል። ሥርዐቱ ያን ያህል ውብ ባይሆን፣ ሳቁ ያን ያህል እውነተኛ ባይሆን ኖሮ፣ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ መዳር ለዚያ ሁሉ ደግ ሰው ዐይን ያን ያህል ቀላል ይሆን ነበር? አክስቲቱ ልጅቱን ሲያጎርሱ እጃቸው ጥቂት ሊንቀጠቀጥ ይገባው ነበር። ምናልባትም ተንቀጥቅጧል፤ ምድጃው አጠገብ ብርሃኑ ደብዛዛ ነውና አልታየም። ያለ ዕድሜ የሚመጣ እርግዝና ስለሚያስከትለው ጉዳት የገጠር ሴቶች ሐኪም ሳይነግራቸው ያውቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ የተመሠረተው የፊስቱላ ሆስፒታል በረዥም ምጥ የተጎዱ እናቶችን ሲቀበል፣ ከመጡት መካከል ገና ልጅነታቸውን ያልጨረሱ ነበሩባቸው። እነርሱንም በዋዜማው አንድ የሚወዳቸው ሰው እጃቸውን አስሮላቸው ይሆናል።

እንግዲህ ፍቅር ብቻውን መዋብን ንጹሕ አያደርገውም ማለት ነው። የሚያስረው እጅ ምን እንደሚያውቅ መጠየቅ አለበት፤ የታሰረችውም ፍቱኝ ብትል የሚፈታት መኖሩ መታወቅ አለበት። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ከፈላስፎቹ መጻሕፍት ይልቅ ከምድጃው ዳር ይበልጥ ይገባል። ጨርቁ ሲጠበቅ የሚያማት ልጅ «ጠበቀብኝ» ብላ ታላላለች፤ ደግ አሳሪም ያላላዋል። ጨርቁን የምታላላው ያቺው እጅ ሌላውን ነገር ለማላላት ሥልጣን አልነበራት ይሆናል። ሥልጣን እንደሌላት ግን ጠይቃ ማወቋ አጠራጣሪ ነው።

ዛሬ በከተማ የሚዳሩት ሴቶች ዕድሜያቸው ደርሶ፣ ትምህርታቸውን ጨርሰው፣ ባላቸውን መርጠው ነው። ብዙዎቹም በእንሶስላ ፈንታ ሂና ያሠራሉ። በክፍያ የምትሠራ ባለሙያ እንደ ጥልፍ የረቀቀ ሐረግ ከመዳፍ እስከ ክንድ ትሥላለች፤ አንዱ እጅ ሲሣል ሌላው ስልክ ይይዛል። ሥራው ጥበብ አለበት፤ ማቃለል አይገባም። እጁ ግን አይታሰርም። ልብሷን የሚያለብሳትና ሻይ የሚያጠጣት ሚዜ ቢያስፈልጋትም ለጥቂት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ነጻነት ሲመጣ የሌሊቱ መደገፍ አብሮ መሄዱ የግድ ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ ምናልባት ሚዜዎቹ ሥራ ስለሚበዛባቸው ነው።

በገጠር ሠርግ የሚበዛው በጥር ነው። ከመዳፍ ላይ ያለው የእንሶስላ ቀለም ቆዳው እየታደሰ ሲሄድ አብሮ ይደበዝዛል፤ ዐቢይ ጾም ከመጋመሱ በፊት ብዙው ሄዷል። ጥፍር ላይ ያለው ግን አይለቅም። ጥፍር የሚታደሰው ከሥሩ እያደገ ስለሆነ፣ ቀለሙ ባለበት ሆኖ ወደ ጫፍ ይገፋል። የእጅ ጥፍር በወር ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል፤ ከሥር እስከ ጫፍ ለመታደስም ግማሽ ዓመት ያህል ይወስድበታል። በጥር የተዳረችው ልጅ በየካቲት ከጥፍሯ ሥር እንደ ጨረቃ ጠርዝ ያለች ቀለም ያልነካት ቀጭን መሥመር ታያለች። በሚያዝያ ግማሹ የእርሷ ነው፤ ግማሹ የዚያ ሌሊት ነው። በሐምሌ ከጫፉ ላይ የቀረችው ቅላት የእህል ቅንጣት ታህላለች። ያን ጊዜ ደግሞ የአረም ወቅት ነው። ከአማቷ ጎን ጎንበስ ብላ በእጇ ስታርም ጥፍሯ ይሰበራል፤ የመጨረሻዋ ቅላት ጭቃው ውስጥ ትቀራለች፤ እርሷም ልብ ሳትለው ወደሚቀጥለው ትልም ታልፋለች።